ዘይቱን ከታች ወይስ ከላይ

የመኪና ሞተር ዘይት የሚቀየርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መኪናውን ጉድጓድ ላይ አቁሞ፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ፣ አሮጌው ዘይት በራሱ ጊዜ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ብሎኑን ሳይነኩ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ሰዶ ዘይቱን በማሽን ወደ ላይ መምጠጥ ነው። እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ትዳራችንን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ኖርን። ሌላው ሰው በአማትና በገንዘብ ይጣላል፤ እኛ በዘይት ነበር። ልጅ አልነበረንም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለአንዲት አሮጌ የቤት መኪና ይህን ያህል አፍ የተካፈትነው።

እሱ “ከታች ይውረድ” ባይ ነበር። ማሽን የሚመጠው ቱቦው የደረሰበትን ብቻ ነው፤ ሥር ሥሩ ላይ የሚቀር አለ፤ ዝቃጩ ያለው ደግሞ እዚያው ሥር ነው ይላል። በማሽን የተቀየረ ዘይት ለእሱ አንገትጌው ሳይታጠብ የተተኮሰ ሸሚዝ ነበር። “ጊዜ የለኝም” ስለው “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይለኛል፤ ተረት ማብዛቱን እንደማልወድ እያወቀ።

እኔ የማሽኑ ደጋፊ ነበርኩ። ምክንያቴ ስንፍና ነው፤ ስንፍና ምክንያት አይሆንም ያለው ማነው? ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ መስታወት በመስታወት የሆነ የዘይት መቀየሪያ አለ። ቁልፍሽን ትሰጪያለሽ፣ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ማኪያቶሽን ሳትጨርሺ “አልቋል” ይሉሻል። ማንም መሬት ላይ አይተኛም፣ የማንም ሱሪ አይበላሽም። የእሱ መንገድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብሎን በተፈታና በጠበቀ ቁጥር ጥርሱ እየተበላ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ይኸው ብሎን ተበልቶ ኖሮ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ ስታንጠባጥብ አደረች። ጠዋት ስንወርድ የአምስት ፎቅ ነዋሪ ዘይቱን እየረገጠ ወጥቶ ደረጃውን በኮቴ አዥጎርጉሮት አገኘነው። ሰጋቱራ እየበተንን፣ ያገኘነውን ሁሉ ይቅርታ ስንል ዋልን።

“ጥፋቱ የብሎኑ ነው እንጂ የመንገዱ አይደለም” አለኝ፣ መጥረጊያውን እንደያዘ። ከዚያ በኋላም ከታች ማውረዱን አልተወም።

ዘይት የሚቀየርበት ቅዳሜ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ሱሪውን ይለብሳል። ከሰሚት እስከ ቦሌ ሚካኤል ያለው መንገድ ሞተሩን በደንብ ያሞቀዋል፤ ዘይት ደግሞ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ለመውረድ አያስቸግርም። ቦሌ ሚካኤል ያለው ጋራዥ በቆርቆሮ የታጠረ፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ያለው ቦታ ነው። የጋራዡ ሰውዬ ሥራውን ለደንበኛ አሳልፎ የሚሰጥ አልነበረም፤ ከባለቤቴ ጋር ከመከራከር ግን መፍቻውን ሰጥቶት ዞር ማለት እንደሚሻል ቶሎ ገባው። እናም ባለቤቴ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ራሱ ብሎኑን ይፈታል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ዘይቱ መጀመሪያ ወፈር ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ መንጠባጠብ ይጀምራል። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ብሎኑን ይመልሳል። እሱ ግን በጠብታና በጠብታ መሀል ወሬ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ይቆማል።

እኔ ከጉድጓዱ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ። ድምፁ ከሥር ይመጣል። የመሥሪያ ቤት ሐሜት፣ የእናቱ ጉልበት፣ ልጅ ሆኖ ስለሰረቀው ሸንኮራ፣ ሁሉን ያወራል። ፊቴን ስለማያይ ይሆን አላውቅም፣ ቤት ውስጥ የማይነግረኝን እዚያ ይነግረኝ ነበር። የወጣውን የተቃጠለ ዘይት የጋራዡ ሰውዬ ለአጥር እንጨት ይወስደዋል፤ ምስጥ እንዳይበላው ይቀቡታል። አዲሱን ዘይት የሚያፈሰውም ባለቤቴ ራሱ ነው፤ አንገቱ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳዳው ላይ ደፍቶ፣ አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ ትንፋሹን ይዞ። ከዚያ እጁን በሱሪው ይጠርግና “አሁን በለው” ይላል፤ ለኔ ይሁን ለሞተሩ አይታወቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ዘይት ቀይሮ ብዙም አልቆየም። በሥራ ቦታው፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

እኔ አላለቀስኩም። ይኼን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኼ ነው። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋን ከንፈራችን የሰው ከንፈር እንደሚሆንብን፣ ሁለ ነገሬ የሰው ሆነብኝ። የሚነኩኝን አያለሁ፣ አይሰማኝም። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ገብቶ እኔን ሲያይ ዝም ይላል። አንዲት አክስቱ እንዳለቅስ ብላ ስሙን እየጠራች ሙሾ ብታወርድ፣ ብታወርድ፣ እኔ የቀሚሷን ጥለት ቀለም ስለይ ነበር። ሴቶቹ “ድንጋጤ ነው” አሉ። “ዓይኗ ደረቅ ነው” ያሉም ነበሩ፤ ሹክሹክታ ድንኳን ውስጥ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱት፣ ያን ቀን በእጃቸው ይዘውት ነበር። “አልቅሺ እህቴ፣ ይቅለልሽ” አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ነበር የምችለው።

ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ደግ ባህል ነው፤ ክፋት የለውም። የእድሩ ሴቶች ውጭ ድስት ሲያማስሉ፣ ሌሎቹ ቤት ውስጥ ገብተው ያጸዳሉ። እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ “እግዜር ያጽናሽ” ስባል፣ ሰልስቱ ሳይወጣ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታጥቦ አለቀ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ ያን ጠዋት ሻይ የጠጣበት ብርጭቆ፣ በሩ ጀርባ የሰቀለው ሹራብ፣ ሁሉም። የትራሱ ልብስ በረንዳው ገመድ ላይ ስትወዛወዝ በመስኮት አየኋት። “እሷን እንኳ ተዉልኝ” ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ አልመጣልኝም። ብመኝስ፣ ታጥባ አልቃለች። ከአርባው በኋላ ልብሱን ዘመድ ተካፈለው፤ የቀረው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት ተሰጠ። ያም ደንብ ነው፤ የተቀደደችዋን ሱሪ ማን እንደወሰዳት አላውቅም።

ከዚያ ጥቁሬን ለብሼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። መሥሪያ ቤቴ ኦሎምፒያ ነው። ከሰሚት በጎሮና በገርጂ አድርጌ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ እየቆምኩ፣ ሲከፈት እየነዳሁ፣ ሄጄ እመለሳለሁ። መኪናዋን ይዞልኝ ዘይቷን፣ ውሃዋን፣ ጎማዋን የሚያይ እሱ ነበር፤ እኔ መሪ መያዝ ብቻ ነው የማውቀው። ቢሮ ውስጥ ሰዎች ቡና ሲጋብዙኝ እጠጣለሁ፤ ሲያወሩልኝ እሰማለሁ፤ ማታ ምን እንዳወሩ አንዱም ትዝ አይለኝም።

ጋሼ የሟች ወንድም የሚገባውን ሁሉ አደረጉ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ጋዙ እንዳለቀ፣ በሩ እንደሚቆለፍ፣ ውሃ እንደመጣ ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያው ነው፦ “የመኪናዋን ዘይት አስቀየርሽ?”

“በሚመጣው ሳምንት።”

“ጊዜው አልፏል እኮ። ዘይት ካረጀ ሞተሩ ይነክሳል። ሞተር ነከሰ ማለት ደግሞ መኪናዋ አበቃላት ማለት ነው። ካልሆነ ሽጪያትና ከነዚህ ዘይት ከማይጠጡት፣ ከኤሌክትሪኮቹ፣ አንዷን ግዢ።”

“እሺ ጋሼ።”

እሺ እያልኩ አላደርገውም። መጀመሪያ ስንፍናዬ መስሎኝ ነበር፤ ስንፍናዬን አውቀዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን ገርጂ ላይ መንገድ ተዘግቶ ቆሜ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ሻካራ ሆነብኝ። ከመሪው ጀርባ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ያኔ በግልጽ፣ ሰው እንደነገረኝ ያህል፣ ነገሩ ገባኝ። ቤታችን ውስጥ እሱ የነካው ነገር ሁሉ ታጥቧል፣ ተሰጥቷል። በእጁ አፍስሶት እስካሁን ያለ ነገር ቢኖር ይኼ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘይት ነው። እሱን ካስወረድኩት ምንም የለኝም። ካላስወረድኩት ደግሞ ሞተሩ ይነክሳል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ነዳሁ።

ለማን ይነገራል ይኼ? ባሏ ሞቶ ያላለቀሰች ሴት፣ ለዘይት አዘንኩ ብትል ጠበል ነው የሚወስዷት። እኔም ብሆን እወስዳታለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ሳይነግሩኝ በጠዋት መጡ። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ በላስቲክ አንጠልጥለው፣ በሩ ላይ ቆሙ። “ተነሺ፣ ቦሌ ሚካኤል እንሂድ። እንደ ወንድሜ አድርገን ነው ከታች የምናስወርደው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ” አሉ። ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ለእሳቸው ይኼ እንደ ተዝካር ያለ ነገር ነበር። እምቢ የምልበት አፍ አላገኘሁም።

ቦሌ ሚካኤል መንገዱ ሲሰፋ ጋራዡ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጉድጓዱ አዲስ ነው፣ አግዳሚዋ ግን የድሮዋ ናት። የጋራዡ ሰውዬ አውቆኝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝና “ነፍስ ይማር፣ ከሱ በኋላ የሚጨቀጭቀኝ ደንበኛ አላገኘሁም” አለ። ጋሼ “እንደሱ አድርገህ፣ እስኪያልቅ ጠብቀህ” ብለው አስረዱት። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት። ሰውየው መፍቻውን ይዞ ወረደ።

እኔ በልማዴ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። “ብሎኑ ጠብቋል፣ የእሱ እጅ ነው ይኼ” አለ ሰውየው ከጉድጓዱ ውስጥ። ሳቅ ያለበት የወንድ ድምፅ፣ ከዚያው ከሥር።

“ተወው” አልኩ።

“ምን አልሽ?” አሉ ጋሼ።

“ብሎኑን ተወው፤ ውጣ በቃ። ይቅርታ አድርግልኝ። መድኃኔዓለም ሄደን በማሽን ይሁን።”

ሰውየው ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ጋሼን አያቸው። ጋሼ እኔን አዩኝ። ለምን እንደሆነ ብናገር ኖሮ ሁለቱም ይረዱኝ ነበር፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ያን ሁሉ ወራት ከአፌ ‘እሺ’ ከሚለው ሌላ ብዙ ቃል አልወጣም ነበርና አልቻልኩበትም። ሰውየው መፍቻውን ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

ከቦሌ ሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም ጋሼ ቀኝ ቀኙን እያዩ ሄዱ። ዘይቱን ጉልበታቸው ላይ አቅፈውታል። መድኃኔዓለም ልንደርስ ስንል፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ “እሱ በሕይወት እያለ ይኼን ማሽን እንደማይወድ ታውቂያለሽ” አሉ።

“አውቃለሁ።”

“አሁንማ ማን ይከለክልሻል።”

ያሉት ገባኝ። ሟቻችን አፈሩ ሳይደርቅበት ወደ ራሷ ፈቃድ ተመለሰች ማለታቸው ነው። ድንኳን ውስጥ የታዘቡኝን ሁሉ ከዚህ ጋር አንድ ላይ እንዳሰሩት ከአንገታቸው አቀማመጥ ይታወቃል። ቃሉ ሊያመኝ ይገባ ነበር፤ አላመመኝም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኼ አለማመሙ ነበር።

መስታወታሙ ቤት ደረስን። ማሽኑን የያዘችው ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ናት። ጋሼን “አባባ፣ ውስጥ ይቀመጡ፣ ማኪያቶ አለ” ብትላቸው አልቀመጥም ብለው መኪናዋ ኋላ ቆሙ። እኔም አልተቀመጥኩም። ሴትየዋ ኮፈኑን ከፍታ የዘይት መለኪያዋን መዘዘች፣ በጨርቅ ጠረገቻትና ጨርቁን አየችው።

“ኧረ ይኼ ጠቁሯል። በጣም ቆይተሻል።”

“አዎ።”

ቱቦውን በቀዳዳው ሰደደች። ማሽኑ ላይ እንደ ማሰሮ ያለ መስታወት አለ፤ ዘይቱ ወደሱ መምጣት ጀመረ። ከቦሌ ሚካኤሉ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጬ ያን ሁሉ ዓመት ዘይት ሲወርድ ዓይቼው አላውቅም ነበር፤ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። አሁን ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኔ ሥር ነው። ጥቁር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

“ሁሉንም ያወጣዋል?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ያወጣዋል።” ቀና ብላ አየችኝና፣ ልክ እንደ ቅሬታ ሰሚ፣ ድምፅዋን አለሳለሰች። “እውነቱን ለመናገር ሁሉንም አይደለም። ቱቦው የማይደርስበት ትንሽ ይቀራል። ግን አዲሱ ብዙ ስለሆነ አይጎዳውም፣ አትስጊ።”

“ምን ያህል ነው የሚቀረው?”

“ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አንድ ሁለት ሲኒ ቢሆን ነው።”

“ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል?”

“አዎ፣ ይቀላቀላል።”

“ሌላ ጊዜ መጥቼ ስትቀይሪልኝስ? ያ የቀረው ያኔ ይወጣል?”

ሴትየዋ ግራ ገባት፤ ደንበኛ እንዲህ ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ። “የተወሰነው ይወጣል፣ የተወሰነው ደግሞ ይቀራል። እንዲህ እያለ ይቀንሳል እንጂ በማሽን እስከቀየርሽው ድረስ ሙልጭ ብሎ አያልቅም። እሱ ካስጨነቀሽ ግን ከታች በብሎን ማስወረድ ነው።”

“አላስጨነቀኝም” አልኳት። “እንዲቀር ነው የፈለግኩት። ያፈሰሰው ባለቤቴ ነው።”

ይኼን የተናገርኩት ለእሷ ነው፤ ለማላውቃት ሴት። ድምፄ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ የቤቴን ቁጥር የነገርኳት ያህል ነው። ሴትየዋ ጥቁር ልብሴን አሁን ገና እንዳየችው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጋሼ ከኋላዬ እንዳሉ ረስቼ ነበር።

ዘይቱ አነሰ። ቱቦው አየር መሳብ ጀምሮ ጓጓ፣ ጓጓ ይል ጀመር። የሴትየዋ እጅ ሳታስበው በልማድ ወደ ቱቦው ሄደ። እንደዚያ ሲል ትንሽ ገፋ አድርገው ሥር የቀረውን ይለቅሙበታል፤ ሥራዋ ነው።

“ተይው ልጄ” አሉ ጋሼ።

ዞር አልኩ። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር።

“እዚያ ላይ ይብቃ” አሉ። “አትልቀሚው።”

ሴትየዋ ማሽኑን አጠፋች። ፊልትሮውን ቀየረች። ጋሼ አቅፈውት የቆዩትን አዲስ ዘይት ለእሷ አልሰጧትም፤ ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው፣ ራሳቸው አፈሰሱት፣ አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ ትንፋሻቸውን ይዘው። ወንድማማቾች መሆናቸውን ከዚያ በፊት እንዲህ አይቼው አላውቅም። ሲጨርሱ እጃቸውን የሚጠርጉበት ፈልገው አጡና በኮታቸው ጠረጉት።

ስንመለስ ሞተሩ ለስልሷል። እሳቸው ከፊት መስታወቱ ባሻገር ወደፊት እያዩ ነው፤ ቀኝ ቀኙን ማየት ትተዋል። ስለተናገሩኝ ነገር አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ገርጂን አልፈን፣ ጎሮን አልፈን፣ ሰሚት ግቢያችን ገብቼ ሞተሩን ላጠፋ ስል እጃቸውን መሪው ላይ አኖሩ።

“ትንሽ ይሥራ” አሉ። “ይቀላቀል።”

ቁልፉን ለቀቅኩት። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ሞተሩ ሲሠራ አዳመጥን። ጎረቤቶቻችን በመስኮት እያዩን፣ ነዳጅ ሲያቃጥሉ ይዋሉ እንዴ ሳይሉን አይቀሩም።

“በሚቀጥለውም ማሽኑ ጋ ነው የምናመጣት” አሉ ጋሼ። “በብሎን የሚነካት የለም።”

“እሺ ጋሼ” ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ወራት ሳትቸግረኝ የኖረች ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።